2147483647 ለምንድነው ለምንም የማይካፈለው??

ቡና_ቁርስ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ታናሽ ወንድሜ የስልክ ጌም ሀክ አድርጎ ኮይኑን እንደ ጉድ ሲያበዛው 2147483647 ላይ ቀጥ አለ፣ ከዛ ወዲያ ወይ ፍንክች። እኔ ደሞ ስራ ፈት ነኝ ካልኩሌተር አውጥቼ ማካፈል ጀመርኩ፣ ለ3 ቢሉት 1 ይተርፋል፣ ለ7ም 1፣ ለ11ም 1፣ ለ13 10፣ እስከ 100 ያሉትን ፕራይሞች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለምንም የማይካፈሉትን) ጨረስኩ አንዱም አልገባለትም። ሰዎቹ ይሄን ቁጥር ከየት አመጡት?

ኮደሩ፦
እነሱ አልመረጡትም ባክህ። ኢንት የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ 32 ቢት ነው (ቢት ማለት 0 ወይ 1 የምትይዝ ቦታ)፣ አንዷ ቢት ለፕላስ ማይነስ ትሄዳለች፣ በቀረው 31 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2 ፓወር 31 ሲቀነስ 1 ነው፣ ያው ያንተ ቁጥር። ያንተ ጌም እዛው ላይ አቆመው እንጂ ብዙ ቦታ 1 ስትጨምርበት ተገልብጦ -2147483648 ይሆናል። እኔ ለአንድ ሱቅ የሰራሁት ፕሮግራም ሽያጩን በሳንቲም ነበር የሚደምረው፣ ድምሩ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ሲያልፍ በማይነስ መጣ፣ ሰውዬው በጠዋት ደውሎ "ከሰርኩ እንዴ?" 😂

ቾክ_በእጁ፦
የኮምፒውተሩ ነገር እሺ፣ ግን ለምንም ያልተካፈለልህ ፕራይም ስለሆነ ነው። ይሄን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በፈረንጅ 1772 አካባቢ አረጋግጦታል፣ ያውም ዓይኑ ማየት በተሳነው ዘመን። ስኩዌር ሩቱ 46340 ምናምን ስለሆነ እስከዛ ድረስ አካፋይ ካልተገኘ የለውም ማለት ነው፣ ግን እስከዛ ከ4,700 በላይ ፕራይም አለ፣ ማን ይጨርሰዋል? ዘዴው እዚህ ጋ ነው፦ 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ የቁጥሩ ፕራይም አካፋይ ቢኖር ለ62 ሲካፈል የግድ 1 ማትረፍ አለበት፣ ለ8 ሲካፈል ደሞ ወይ 1 ወይ 7። ስለዚህ እስከ 100 የለፋኸው በሙሉ በከንቱ ነው ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ሊሞከር የሚገባው 311 ነው፣ ቀጥሎ 1303። በ2 ፓወር 30 ብታባዛው ደሞ 2305843008139952128 ይመጣል፣ ፐርፌክት ነምበር ነው፣ ከራሱ በስተቀር አካፋዮቹን ሁሉ ስትደምር መልሶ ራሱ።

ሰንበቴ፦
የሰዓቱንስ ማን ያንሳው? የድሮ ሲስተሞች ከጃንዋሪ 1 1970 ጀምሮ ሴኮንድ እየቆጠሩ እዚሁ ቁጥር ላይ ነው የሚደርሱት፣ ጃንዋሪ 19 2038። በኛ ስታሰሉት ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ!! በቀጣዩ ሴኮንድ ያልታደሰ ማሽን ቆጠራው ወደ ማይነስ ተገልብጦ በፈረንጅ 1901 ነው ብሎ ቁጭ።

ኮደሩ፦
64 ቢት የሆነውን አይነካውም አታስፈራራ። እኔ ግን ያን ቀን ስልኬን አጥፍቼ ጃንሜዳ ነኝ።

ቡና_ቁርስ፦
@ቾክ_በእጁ 311ን ሞከርኩት 35 ተረፈ፣ 1303 ደሞ 226። ከሱ ቀጥሎ ያለው ስንት ነው?