«ሁ» ለሁለት እየተከፈለች ትወጣለች፦ የፓወርፖይንት ጥያቄ

የእሁድ መምህርት፦
ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 11 ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ከእኔ በፊት ያስተምሩ የነበሩት ሰው የተዉልኝ የፓወርፖይንት ፋይል አለ፤ ከሀ እስከ ፐ 33 ስላይድ፣ በእያንዳንዱ ሰባት ፊደል። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጥሩን እንደነበረው፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እንዲወጡ ፈለግሁና «አኒሜት ቴክስት» የሚለውን «ባይ ሌተር» ላይ አደረግሁት። አንድ ጊዜ ስጫን ሰባቱም ተከታትለው ይፈስሳሉ፤ ልጆቹ «ሂ» ሳይሉ ስክሪኑ «ሆ» ደርሷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ሁ» ለሁለት ተከፍላ መውጣቷ ነው። መጀመሪያ «ሀ» ትመጣለች፤ ቅጥያዋ እንደ አርፋጅ ተማሪ ኋላ ትደርሳለች። ልጆቹ «ሀ፣ ሀ... ሁ!» እያሉ ሳቁብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ?

አሮጌው ጸሐፊ፦
እህቴ፣ የሁለታችሁም አይደለም፤ የፎንቱ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተሠሩ ስለነበሩ ቦታው አይበቃም፤ ስለዚህ ብዙውን ፊደል ከአካልና ከቅጥያ ይገጣጥሙት ነበር። ስንት ዓመት ደብዳቤ ላይ የጻፍሁት «እንዲሁም» ለዓይን 5 ፊደል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 7 ነበር፤ «ዲ» እና «ሁ» ሁለት ሁለት ይቆጠራሉ። ለማረጋገጥ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ይለውጡት። የላቲን ዝብርቅርቅ ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። 231 ፊደል ነውና መቀየሪያ ፕሮግራም ከመፈለግ በዩኒኮድ እንደገና ቢጽፉት ይሻላል።

ባለ ፕሮጀክተሩ፦
ስለ መጀመሪያው ችግር፦ «ባይ ሌተር» በጊዜ እንጂ በጠቅታ አይሄድም። የሚዘገይበትን ሰከንድ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ልጅ በሰከንድ አይለካም። ሰንጠረዥም አይሞክሩ፤ የሰንጠረዥ ሳጥኖች ለየብቻ አይንቀሳቀሱም (እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥዬበታለሁ)። ሰባት ትንንሽ የጽሑፍ ሳጥኖች በተራ ይደርድሩ፣ ሁሉንም መርጠው «አፒር» የሚለውን እንቅስቃሴ ይስጧቸው፣ ከዚያ ሳይለቋቸው «ስታርት» የሚለውን «ኦን ክሊክ» ያድርጉት። አንዱ ስላይድ ከተስተካከለ በኋላ 32 ጊዜ አባዝተው ፊደሉን ብቻ ይለውጡ፤ እንቅስቃሴው አብሮ ይገለበጣል።

የእሁድ መምህርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼ። ፎንቱን ስለውጠው እውነትም ዝብርቅርቁ ወጣ። ትናንት ማታ ከሀ እስከ ሠ አምስቱን ቤት ጽፌ ዛሬ አሳየኋቸው። «ሁ» ሙሉ ሆና መጣች። መጫኑን ለልጆቹ ተውሁላቸው፤ አሁን ጠቡ «ተራው የእኔ ነው» በሚል ሆኗል።