የቁስል ኢንፌክሽን ቁጥራችንን ለሠራተኛው እንዴት ላቅርበው?

ጥያቄ (ሲስተር፣ ከአጠቃላይ ሆስፒታል)
ሰላም ለሁላችሁ። የኢንፌክሽን መከላከል ፎካል (ተጠሪ) ነኝ። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ላይ የሚታየውን የቁስል ኢንፌክሽን በየወሩ መዝግቤ ሞርኒንግ (የጠዋት የሠራተኞች ስብሰባ) ላይ አቀርባለሁ። ነርሱ ስልኩን ይነካካል፣ ሐኪሙ ይከራከራል። ኅዳር ላይ ከ40 እናቶች የ3ቱ ቁስል አመረቀዘ፤ ታኅሣሥ ላይ ከ16ቱ የ2ቱ። ስላይዱ ላይ ግን የሚታየው 7.5 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ሲያሻቅብ ነው። ጭቅጭቅ ሆነ። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1 (ስታቲስቲክስ)
በመቶኛውን ብቻውን ማሳየት ተዪ። ከ16 ሰው መሃል አንድ ሰው ብቻ ከ6 በመቶ በላይ ያወዛውዘዋል። በጥያቄሽ እንደጻፍሽው «ከ16 እናቶች የ2ቱ» በይ፣ ይገባቸዋል። ከዚያ የአንድ ዓመቱን የየወሩን በመቶኛ በነጥብ አስቀምጠሽ በመስመር አያይዣቸው፤ መሃል ላይ ሚዲያኑን (ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) አስምሪ። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ከሚዲያኑ መስመር በአንድ ወገን ከዋሉ፣ ያኔ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ወር ዘለለ ተብሎ ማንም አይወቀስም።

መልስ 2 (ኤችኤምአይኤስ፣ የጤና መረጃና ሪፖርት)
መስከረምን ደግሞ ልብ በዪ። ሪፖርታችን ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር፣ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን (ጳጉሜ 6 ስትሆን 36) ይሆናል። የታማሚ ቁጥር ብቻ ካሳየሽ መስከረም ሁሌም የባሰ ይመስላል።

መልስ 3 (ቀዶ ሐኪም)
እኛ የምንከራከረው ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ሳይሆን «ኢንፌክሽን ያልሽው ምኑን ነው?» ብለን ነው። መስፈርቱን በአንድ መስመር ግራፉ ሥር ጻፊው። ክትትሉ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እስከ 30 ቀን ነው፤ እናትየዋ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቷ ትገባለች። ስልክ እየደወልሽ መጠየቅ ከጀመርሽ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስለፈለግሽው ተገኘ እንጂ ሥራው ስለከፋ አይደለም። የጀመርሽበትን ወር ግራፉ ላይ ምልክት አድርጊበት። የሐኪም ስም ግን አደባባይ አታውጪ፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ለብቻው ስጪው። በነገራችን ላይ ሰሜልቫይስ የተባለው የማዋለጃ ክፍል ሐኪም በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ እጅ መታጠብ የወላዶችን ሞት እንደሚቀንስ በቁጥር አሳይቶም ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጪ፣ ሐኪም ድሮም እንዲሁ ነው።

መልስ 4 (ሜትሮን፣ የነርሶች ኃላፊ)
እህቴ፣ ውጤቱን ብቻ ካሳየሽ ነርሷ ምን ታድርግ? ከጎኑ እሷ የምትሠራውን አስቀምጪ፤ እናትየዋ ከመቀደዷ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲኩ ለስንቷ ተሰጠ? ይህ በሳምንትም ሊሻሻል ይችላል። ደግሞ ጽዳት ሠራተኞቹ ሞርኒንግ አይገቡም። አንድ ገጽ በትልቁ ጽፈሽ ዋርዱ ውስጥ ለጥፊ፣ ሺፍት ሲቀያየሩም በሁለት ደቂቃ ንገሪያቸው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ከለጠፍኩት አስታማሚዎች አይተው አይደነግጡም?

ሜትሮን
የዋርዱ ሠራተኞች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል። እኛ እዚያ ነው የለጠፍነው።