ተንሳፋፊ የሜትፎርሚን ክኒን ለምን ቶሎ ይሰምጣል?

ጥያቄ
ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ 500 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን (የስኳር ሕመም መድኃኒት) የያዘ፣ ጨጓራ ውስጥ ተንሳፎ እየቆየ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚለቅ ክኒን እየሠራሁ ነው። ጄል የሚፈጥርልኝ ኤችፒኤምሲ ኬ4ኤም የተባለው፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ዱቄት ነው፤ ለጋዙ ከክብደቱ 20 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት አለበት። 37 ዲግሪ በሞቀ አሲድ ውስጥ ስጨምረው ወዲያው ብቅ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ጎኑ ተሰንጥቆ ይቆራረስና ይሰምጣል። አጥብቄ ልጭመቀው?

መልስ
አጥብቀህ አትጭመቀው። የክኒኑ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ አሲዱ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ይዘገያል፤ ክኒኑም ቶሎ አይንሳፈፍም። ጥፋቱ የጋዙ ነው፤ ጄሉ ሳይጠና ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ባይካርቦኔቱን በግማሽ ቀንስ፤ ኬ4ኤምን ይበልጥ ወፍራም ጄል በሚሠራው ኬ100ኤም ተካው።

ሌላ መልስ
ወንድሜ፣ የተባለው ልክ ነው፤ ግን እስካሁን የተወራው በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ስለሚሆነው ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ የማስበው ስለሚውጡት ሰዎች ነው። ባዶ ጨጓራ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ብርቱ ጠራጊ ሞገድ ይነሣበታል፤ ያን ጊዜ የተንሳፈፈውም የሰመጠውም ተጠራርጎ ሊወርድ ይችላል። ለነገሩ ባዶ ጨጓራ ውስጥ የሚያንሳፍፍ ፈሳሽም ጥቂት ነው። ምግብ ሲገባ ግን ሞገዱ ይገታል፤ ትልቅ ክኒን ለሰዓታት ይቆያል። ሜትፎርሚን በዋናነት የሚመጠጠው በቀጭን አንጀት የላይኛው ክፍል ነውና፣ መድኃኒቱን ሳይለቅ ያን ያለፈ ክኒን አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ የስኳር ሕመምተኞች አሉን። ጠዋት በውሃ ብቻ ከዋጡት ልፋትህ ከንቱ ነው። ትልቅ ነው ብለው በቢላዋ ለሁለት የሚከፍሉት እናቶችም አሉ፤ የተከፈለ ክኒን ደግሞ በጨጓራው መውጫ በር በቀላሉ ያልፋል። «ከእራት ጋር፣ ሳይሰበር» የሚለውን መመሪያ ከአሁኑ አስብበት።

ጠያቂው
ከምግብ ጋር ከተዋጠ አሲዱ አይቀንስም? ባይካርቦኔቱ ጋዝ የሚሰጠው በአሲድ ነው።

ሌላ መልስ
ጥሩ አየህ። ከምግብ በኋላ የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ይቀንሳል) ለጊዜው ወደ 4 እና 5 ከፍ ይላል፤ ጋዙም ይዘገያል። ስለዚህ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ክኒኑ ውስጥ ጨምርበት፤ ውሃ ሲነካው ከባይካርቦኔቱ ጋር እዚያው ይዋሃዳል። ዱቄቶቹ እርጥበት ከሳቡ ግን ከመዋጡ በፊት መዋሃድ ይጀምራሉና በደረቅ ክፍል ጭመቀው፣ ወዲያው አሽገው። ሙከራህንም እንደ ባዶ ጨጓራ ብርቱ በሆነው በ0.1 ኖርማል አሲድ ብቻ ሳትወሰን በፒኤች 4.5 ድገመው።