የዝሆኔ ሕክምና በአራቱ ጤና ጣቢያዎች፦ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
ማኅበራችን ከዩኒቨርሲቲውና ከወረዳው ጋር የሚፈራረመው ዕቅድ ሁለተኛ ረቂቅ ለአባላት አስተያየት ተያይዟል። ዓላማው ባለፈው ጉባኤያችን የተወሰነው ነው። በወረዳችን አራት ጤና ጣቢያዎች የዝሆኔ (ያለ ጫማ ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት) ሕሙማን እንደማንኛውም ተመላላሽ ታካሚ ካርድ አውጥተው፣ በወር አንድ ጊዜ በሠለጠነ ነርስ እየታዩ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ያገኛሉ። ዩኒቨርሲቲው ነርሶቹንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ያሠለጥናል፤ በሥራው መጀመሪያና ከአንድ ዓመት በኋላም የሕሙማኑን ሁኔታ መዝግቦ ለውጡን ያጠናል። ሦስተኛው ፈራሚ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ሰነዱ እስከ የካቲት መጨረሻ ካልገባ ለምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው በዚህ በጀት ዓመት እንደማይደርስ ተነግሮናል። ስለዚህ አስተያየታችሁ በበጀቱና በክትትሉ ላይ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ከጠቅላላው ገንዘብ ሲሶው ለሥልጠናና ለውሎ አበል ተይዟል፤ ይህን እዚህ ላሉት አባላት ማስረዳት አልችልም። ሁለተኛ፣ በሽፋኑ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ከላይ፣ የወረዳው ቀጥሎ፣ የእኛ ከሁለቱ በታች በትንሹ ተቀምጧል። በገጽ 9 ላይ የተገለጸው የጤና ጣቢያዎቹ ታፔላም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይዟል። ገንዘቡ የማን ነው?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አባል፦
ስለ ውሎ አበሉ የቀረበው ትክክል ነው፤ ሥልጠናው በጤና ጣቢያዎቹ ግቢ ከተሰጠ ግማሹ ይቀራል። ስለ ዓርማው ግን፣ የጥናቱ ኃላፊ ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲው በመሆኑ በኮሚቴው ፊት ተጠያቂው ተቋም መቅደሙ የተለመደ አሠራር ነው።

ሰዓታችንን በዚህ ባናጠፋው እመርጣለሁ፤ የያዝነው ዕቅድ መሠረት ያለው ነውና። በራሳችን በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ እግርን በሳሙናና በረኪና በተጨመረበት ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ብቻውን ሕሙማኑ «ምች መታኝ» የሚሉትን ትኩሳትና እብጠት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ የዘገየባቸው 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ምች አንዴ ሲነሣ ሰውን ለቀናት ከእርሻው እንደሚያስቀር ለማያውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህን እንክብካቤ ያለ ልዩ ፕሮጀክት በመደበኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ ማኖር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። በአዊ ዞን ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝሆኔን፣ በትንኝ የሚተላለፈውን የእግር እብጠትና የሥጋ ደዌን እንክብካቤ አንድ ላይ አድርገው ከአእምሮ ጤና ድጋፍ ጋር በመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ ሞክረውታል። የእኛም ዕቅድ በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው።

መምህር (ጡረታ)፣ ደብረ ማርቆስ፦
የጥናቱን ነገር ተቀብያለሁ። የታፔላውን ነገር ግን እንደ ቀላል አትዩት። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ያሠራነው እኛ ሆነን ሳለ፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ብቻ የቀባው ድርጅት ስም በሩ ላይ ተለጥፎ እስከ ዛሬ አለ። ከየቤቱ እየዞርን ገንዘብ የሰበሰብን ሰዎች በዚያ በር ስናልፍ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ማኅበሩ ካልቀደመ እኔ አልስማማም።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
መምህር ያሉትን እደግፋለሁ። ገንዘብ ያወጣ ስሙ ከላይ ይጻፋል።

ነርስ፣ ዳላስ፦
የክትትሉን ክፍል፣ ማለትም ነርሱ በየወሩ ምን እንደሚለካና ምን እንደሚመዘግብ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የእግሩ ዙሪያ በሜትር ሲለካ ከቁርጭምጭሚት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚለካ ካልተወሰነ ሁለት ነርሶች ሁለት ቁጥር ያመጣሉ፤ በዚያ ላይ የሚቆም ጥናት ዋጋ የለውም። እስከ እሑድ እልካለሁ።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ አባል፦
በረቂቁ ላይ የሥልጠናውን ክፍል አራት ገጽ፣ የአቅርቦቱን ክፍል ግን ግማሽ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። እኔ በየቀኑ የማየው ችግር ተቃራኒው ነው። ከዚህ በፊት ሠልጥነው የመጡ ነርሶች አሉን፤ ቅባቱ ሲያልቅ ግን ሕሙማኑን «ሲመጣ እንጠራችኋለን» ብለው ይመልሷቸዋል፤ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ደግሞ ሦስተኛ አይመጣም። አብዛኞቹ የሚመጡት ሰው በማይበዛበት ሰዓት ነው፤ ከሌላው ታካሚ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ይሸሻሉ፤ አንዳንዶቹ እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ከግድግዳው ጥግ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ካርዳቸው ከሌላው ጋር በአንድ መደርደሪያ፣ ምርመራቸውም በአንድ ክፍል ቢሆን ይህ ይቀንሳል። የጤና መድኑ ጫማ አይገዛም። መንገድ በተዘጋ ቁጥርም ዕቃ ስለማይደርስ የሦስት ወር ክምችት በጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል። ታፔላው ላይ የማንም ስም ቢቀድም ለእነዚህ ሰዎች ልዩነት የለውም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለእነሱ ልዩነት የለውም ይሆናል፤ ገንዘብ ለሚያዋጣው ግን አለው። እዚህ ያሉት አባላት ሁለት ሥራ እየሠሩ ነው የሚከፍሉት። በሚቀጥለው ዓመት «የዩኒቨርሲቲው ፕሮጀክት» ተብሎ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ማን ነው ደግሞ የሚያዋጣው?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አባል፦
ዩኒቨርሲቲው ከማንም ስም አልነጠቀም። ሦስት ተመራማሪዎች ያለ ክፍያ ጊዜያቸውን እንደሚሰጡ በገጽ 4 ተጽፏል። ያ ገንዘብ አይደለም ከተባለ እኔ ከዚህ ሥራ እወጣለሁ።

መምህር (ጡረታ)፣ ደብረ ማርቆስ፦
ማንም ውጣ አላለህም፤ አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ። ነገር ግን ለመንግሥት ደመወዝተኛ ጊዜ መስጠት ከኪስ ማውጣት ጋር አንድ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አባል፦
እርስዎን እንደ አባቴ አከብርዎታለሁ፤ ይህን ቃል ግን አልቀበልም። ክረምቱን ሙሉ በየቀበሌው የዞርኩት ደመወዜ ውስጥ ያለ ሥራ ሆኖ አይደለም።

አባል፣ ዱባይ፦
ታላቅ ወንድሜ ዝሆኔ አለበት። ስልክ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ምች ተነሥቶበት እንደሆነ ነው። ከዚህ የምልክለት ጫማ ሁሉ እግሩ ላይ አይገባም፤ የእግሩ ጣቶች አብጠው ወደ ላይ ተነሥተዋል፤ ትልቁን ቁጥር ስልክለት ደግሞ ተረከዙ ላይ እየተንሸራተተ ያቆስለዋል። በመጨረሻ በረባሶ እየቆረጠ በገመድ ያስራል። በረቂቁ ላይ «ጫማ» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። በእግሩ ልክ ተለክቶ የሚሰፋ ጫማ ካልሆነ ለእሱ አይጠቅመውም፤ ይህን ማን እንደሚሠራ ጻፉልኝ። ስለ ታፔላው የምትጽፉትን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። በልክ የሚሰፋውን እዚያው ከተማው ያሉ ሰፊዎች ናሙና ከተሰጣቸው ይችሉታል፤ ቆዳውን እኔ በመጣበት ዋጋ አቀርባለሁ። ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህ በሽታ ያለ ጫማ ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ለምን ከልጆቹ አንጀምርም? በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላሉ ተማሪዎች 2,000 ጥንድ ጫማ ከእኔና ከጓደኞቼ ይገኛል። የማከፋፈያው ቀን ሁሉም አባል የሚገኝበት፣ ስማችንም በግልጽ የሚታይበት ይሁን።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
በታፔላው ላይ ሽማግሌነት ልሞክር። ስሞቹ በፊደል ተራ ይጻፉ፤ ማኅበር፣ ወረዳ፣ ዩኒቨርሲቲ። በሽፋኑ ላይ ግን ለኮሚቴው ሲባል ዩኒቨርሲቲው ይቅደም። ሦስቱም ዓርማዎች እኩል መጠን ይኑራቸው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ታፔላውን እቀበላለሁ። ሽፋኑን እዚህ ላለው ቅርንጫፋችን አቀርባለሁ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አባል፦
የተቋሙ ስም በከተማው ስም ስለሚጀምር የፊደል ተራው አከራካሪ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አልቆምም። የጫማው ስጦታ መልካም ነው፤ ልጆቹን መጠበቅ ዋናው መከላከያ መሆኑም አይካድም፤ እብጠቱ ብዙ ጊዜ መታየት የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነውና። ሆኖም ሁለት ነገር ላሳስብ። በሽታው የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመት ጥናት ጫማ ያገኘ ልጅ ከበሽታው መዳኑን መለካት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ወደ ትምህርት ቤት ከዞረ የምናጠናው ልጆቹ ጫማውን ማድረግ አለማድረጋቸውን ብቻ ነው። ደግሞም በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ተገምቷል፤ ለእነሱ የሚሆነው በጤና ጣቢያው ያለው ነርስና በየወሩ የማይቋረጠው ቅባት ነው።

መምህር (ጡረታ)፣ ደብረ ማርቆስ፦
ባለፈው በአንተ ላይ የተናገርኩት ከረረ። አንተ ያልከው እውነት ነው፤ ሕዝቡ የሚያየው ግን ልጆቹ ጫማ አድርገው ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ይህን ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለጤና ጣቢያውም ያዋጣል። በልጆቹ እንጀምር።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ቀኑ ከፋሲካ በፊት ይሁን። መጫኛ መኪናውን እኔ እችላለሁ።

አባል፣ አዋሳ፦
የማከፋፈያውን ቀን ዝግጅት እኔ አስተባብራለሁ። ቲሸርቱን በምን ቀለም እናሠራ?

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። የጫማው ማከፋፈያ ምዕራፍ አንድ ሆኗል። ለመጓጓዣ፣ ለባነርና ለቲሸርት የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው በጀት ውስጥ መገኘት ስላለበት፣ የጤና ጣቢያዎቹ ቁጥር ከአራት ወደ አንድ፣ የአቅርቦቱም ጊዜ ከ12 ወር ወደ አራት ወር ወርዷል። የጥናቱ ጥያቄ የተማሪዎችን ጫማ አደራረግ ይመለከታል፤ በሥራው መጀመሪያ የሚደረገው የሕሙማኑ የመነሻ ልኬት ቀርቷል። የክትትሉን ክፍል ለመጻፍ የወሰዱት የዳላስ እህታችን ደጋግመን ጽፈንላቸው መልስ አላገኘንም፤ ክፍሉን የሚረከብ ሰው እፈልጋለሁ።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ አባል፦
በገጽ 6 የነበረው የቅባትና የፋሻ መስመር ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ሳሙናና በረኪና ብቻ ቀርቷል። በልክ የሚሰፋው ጫማም በየትኛውም ገጽ የለም፤ የዱባይ እህታችን የጠየቁት ሳይመለስ ቀርቷል። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አራት ጤና ጣቢያዎች የሚል ሰነድ አሳይቼ ነው ፈቃደኛነታቸውን ያገኘሁት። ነርሶቹም ስማቸው ተመዝግቦ ሥልጠናውን እየጠበቁ ነው። ቢያንስ በአንዱ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አገልግሎት የ12 ወር ይሁን፤ አራት ወር ጀምሮ ማቋረጥ ሕሙማኑን ከመጀመሪያውም በከፋ ሁኔታ ያርቃቸዋል። የቲሸርቱ ገንዘብ የአንድ ጤና ጣቢያን ቅባት ለብዙ ወራት ይሸፍናል።

አባል፣ ዱባይ፦
ከዚህ የምናዋጣው ድርሻ ለቲሸርት እንዳይውል እጠይቃለሁ። ቅባትና ፋሻ ይገዛበት፤ የቀረውም ለልክ ጫማው ሰፊዎች ይከፈል። ይህ በጽሑፍ ካልገባ እዚህ ካሉት እህቶች የሚሰበሰበውን አልልክም።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ቲሸርቱ ይቅር። ባነሩ ግን ለሰጪዎቹ ቃል የገባሁበት ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቅርንጫፉ ሽፋኑን አልተቀበለም። በሽፋኑም ላይ የፊደል ተራው እንዲከበር ተወስኗል። ይህ ሲስተካከል የመጀመሪያውን ክፍያ አስተላልፋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አባል፦
ሽፋኑን ለመቀየር የመምሪያው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሰኞ አቀርባለሁ። ውጤቱን አስቀድሜ ላረጋግጥ አልችልም። የመነሻ ልኬቱ በአንዱ ጤና ጣቢያ ብቻ እንኳ እንዲመለስ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ያለ እሱ ከዓመት በኋላ ምን እንደተለወጠ የምንናገርበት ነገር አይኖረንም።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
የቲሸርቱ ገንዘብ ወደ ቅባትና ፋሻ ዞሯል፤ በስሌቴ አንዱን ጤና ጣቢያ እስከ ሰባት ወር ያደርሳል። የዱባይ አባላት መዋጮ ለልክ ጫማ ብቻ እንደሚውል በገጽ 6 ተጽፏል። ቀሪዎቹ ሦስት ጤና ጣቢያዎች «ተጨማሪ ገንዘብ ሲገኝ» በሚል በአባሪ ገብተዋል። የክትትሉን ክፍል የሚረከብ ካልተገኘ ያለ እሱ አስገባለሁ፤ የካቲት ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ አባል፦
የክትትሉን ክፍል እኔ እጽፈዋለሁ። የእግሩን ልኬት በተመለከተ የዳላስ እህታችን ያነሡትን አስገባለሁ። ሰባቱ ወር 12 እስኪሆን ድረስ ግን የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም አላስመታም።