በግቢያችን ምሰሶ ላይ የትኛው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል? የነዋሪዎች ክርክር

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የሚከበርበት የጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ ደርሷል። እንደምታውቁት በደመራ ዋዜማ ከብሎክ 5 ወጣቶች አንዱ በግቢያችን ምሰሶ ላይ ልሙጡን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰቀለ። በማግሥቱ ኮሚቴው አውርዶ የቀድሞውን መለሰ። ልሙጡ አሁን ተጣጥፎ በጥበቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ እየተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች አሉን፤ ይህ በጣም አሳዝኖኛል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ በጋራ ምሰሷችን ላይ ዓርማ ያለበት ብቻ ይሰቀል ወይስ ልሙጡም ቦታ ይኑረው? ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ ያለበትን መልእክት አነሣለሁ።

ወጣቱ ከብሎክ 5፦ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅኩም። በጥቅምት 2005 ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ ሄድን። ያን ቀን በእጄ የያዝኩት ልሙጡ ነበር። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። መደርደሪያው ላይ ያስቀመጣችሁት እሱ የገዛልኝ ነው። ማንንም ለማስቀየም አልሰቀልኩትም፤ ሀገሬን የማውቃት በዚያ ስለሆነ ነው። ሦስቱ ቀለማት ላይ ሁላችንም እንስማማለን፤ የምንለያየው መሐሉ ላይ ነው። ታዲያ የምንስማማበትን መስቀል እንዴት ጥፋት ይሆናል?

የሕግ ባለሙያዋ፣ ብሎክ 1፦ ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ጨርቁ ዛሬውኑ ሊመለስልህ ይገባል፤ ኮሚቴው የመያዝ ሥልጣን የለውም።

ስለ ምሰሶው ግን ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ይደነግጋል። ዓርማው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንዲያንጸባርቅ የታሰበ ነው። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 863/2006 ተሻሽሏል። አዋጁ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ይከለክላል፤ ያስቀጣልም። ቅጣቱ ለእኔም ይከብደኛል። ሰው በፍቅር የያዘውን ጨርቅ እንደ ወንጀል ማስረጃ መቁጠር ለሀገር አይጠቅምም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምሰሶው የሁላችን ነው። ሕጉ የማይቀበለውን ስንሰቅልበት፣ ያልተስማማው ጎረቤትም በማያምንበት ነገር ተጠያቂ ይሆናል። አንቀጹ የሚለወጥበት መንገድ አለ፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁት ይሻሻላል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አቋራጩ ግን በሌሊት ምሰሶ ላይ መውጣት አይደለም።

ወጣቱ ከብሎክ 5፦ በሌሊት አልነበረም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሰቀልኩት።

የሕግ ባለሙያዋ፣ ብሎክ 1፦ ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 2፦ አርባ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ልሙጡን የሚወዱ ልጆች «የአድዋ ሰንደቅ ነው» ይላሉ። ቀለማቱ በዚያ ዘመን ነበሩ። ነገር ግን ሦስቱ በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተጋጥመው የሀገር ሰንደቅ መሆናቸው የሚነገረው ከድሉ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያኔም ቀዩ ከላይ የነበረበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ዘውድ የደፋው አንበሳ መጣ። በ1967 ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ወረደ። በ1980 ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ሌላ ዓርማ ተቀመጠ። ከ1983 እስከ 1988 ድረስ ደግሞ መንግሥት ራሱ በየመሥሪያ ቤቱ ልሙጡን ይሰቅል ነበር! ዛሬ «ሕገ ወጥ» የምንለው ማለት ነው። ኮከብ ያለበት ዓርማ የመጣው በ1988 ነው።

ይህን የምዘረዝረው መሐሉ በየዘመኑ እንደተለዋወጠና ዳሩ እንደጸና ለማሳየት ነው። ጋና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ነጻ ስትወጣ የወሰደችው ሦስቱን ቀለማት ነው፤ የኛን አንበሳ አልወሰደችም። ከእሷ በኋላ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል ተከተሉ። ለእነሱ ኢትዮጵያ ማለት ቀለማቱ ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ልብ ውስጥ ያለውን በአዋጅ ቁጥር ብቻ ልንመልስለት አንችልም።

ከጨንቻ የመጣሁት፣ ብሎክ 4፦ መምህር፣ እጅግ አከብርዎታለሁ፤ ልጄንም ያስተማሩልኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ግን «ዳሩ ጸና» ሲሉ ማን ዳር ላይ እንደነበር አልነገሩንም። አያቴ ገባር ነበር። መልከኛው፣ ማለትም የገባሮቹ ጌታ፣ በግቢው ደጃፍ ሰንደቅ ተክሎ ነበር ይለኝ ነበር፤ አያቴ ከሩቅ ሲያየው ማር ወይም እህል ተሸክሞ የሚሄድበት ቀን መድረሱን ያስታውሰው ነበር። ያ ሰንደቅ ያው ሦስት ቀለም ነበር። እኔ ቀለማቱን አልጠላም፤ ሩጫ ሲኖር እንደ ማንኛችሁም አለቅሳለሁ። ዓርማው ላይ ያሉት እኩል ጨረሮች ግን ለእኔ ጌጥ አይደሉም። የአያቴ ልጅ ልጅ በዚህች ሀገር እኩል ነው የሚል ጽሑፍ ናቸው። ልሙጡ ሲሰቀልና ዓርማው ሲወርድ፣ የሰቀለው ልጅ ቅን ልብ ቢኖረውም፣ እኔ የምሰማው ያ ጽሑፍ ሲፋቅ ነው።

ልጄ፣ የአባትህ ነገር ልቤን ነክቶታል። የኔንም አያት በዚያው መጠን ቁጠርልኝ።

ወጣቱ ከብሎክ 5፦ ጋሼ፣ ይህን ከዚህ በፊት ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እውነቴን ነው። ነገር ግን ዓርማው ጽሑፍ ከሆነ ለእኔ የሚነበበው በሌላ መንገድ ነው። ጥምቀት ላይ ልሙጡን ይዘው የሄዱ ጓደኞቼ ሲቀሙና ሲንገላቱ አይቻለሁ። እኩልነት ነው የተባለው ምልክት ለእኔ የመጣው በዱላ ታጅቦ ነው።

ነዋሪነቱ ዋሽንግተን የሆነ የቤት ባለቤት፣ ብሎክ 3፦ ከሩቅም ቢሆን ድርሻዬን ልወርውር። እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ልሙጡም አንበሳውም ጎን ለጎን ይውለበለባሉ። ፓስፖርት ለማደስ ኤምባሲ ስንሄድ ደግሞ የምንቆመው በኮከቡ ሥር ነው። ልጆቼ «የኛ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

የኖርኩበትን ሀገር ልምድ ብነግራችሁ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ባንዲራ ማቃጠል እንኳ ሐሳብን የመግለጽ መብት ስለሆነ አያስቀጣም ብሎ ፈርዷል። ያም ሆኖ ጎረቤቴ የነበሩ አሮጊት ዝናብ ሲጀምር እየተጣደፉ ወጥተው ባንዲራቸውን ያወርዱ ነበር። ያዘዛቸው ፖሊስ የለም። ክብር ከቅጣት አይወለድም የምለው ለዚህ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፣ ብሎክ 1፦ በዚህ እስማማለሁ። ቅጣቱ ቢሻሻል የመጀመሪያዋ ደጋፊ እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ እስኪሻሻል ድረስ ሕጉ ሕግ ነው።

የቀድሞው ወታደር፣ ብሎክ 2፦ ሃያ ሁለት ዓመት ወታደር ነበርኩ። በሁለት መንግሥታት ሥር የተለያየ ዓርማ ሰቅያለሁ፤ ለሁለቱም እጄን ወደ ግንባሬ አንሥቻለሁ። እስካሁን ስትጽፉ አነበብኩ። አንዳችሁም ቀና ብላችሁ አሁን የተሰቀለውን አላያችሁትም።

ዛሬ ጠዋት ሥሩ ቆሜ አየሁት። ቀዩ ሮዝ ሆኗል። ቢጫውና አረንጓዴው በፀሐይ ነጥተው ከሩቅ አይለዩም። ነፋስ የሚያውለበልበው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ተተልትሎ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። የምትጣሉለት ዓርማ ከጨርቁ በአንድ በኩል ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ተጣጥፏል፤ ኮከቡ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ሕጉ የሚለው በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይወርዳል ነው። የኛ ግን ክረምቱን ሙሉ ሌሊትና ቀን ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል። ይህን ከሰቀልን በኋላ «ሕግ አክብሩ» ብለን ልጁን የመቆጣት ድፍረት ከየት አመጣን?

ሌላም ልጨምር። ሐምሌ 2016 በጎፋ የመሬት መንሸራተት ያለቁትን ወገኖቻችንን ለማሰብ የሦስት ቀን የሐዘን አዋጅ ወጥቶ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሲታዘዝ ጥበቃው ገመዱን በመፍታት እስከ መሐል ለቀቀውና እዚያው አሰረው። በሥርዓቱ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ለአፍታ ይቆያል፣ ከዚያ በዝግታ ወደ መሐል ይወርዳል። ማታ ሲወርድም እንደገና እስከ ጫፍ ወጥቶ ነው። ሙታን በሙሉ ክብር ይሸኛሉ ማለት ነው። ጥበቃውን አልወቅስም፤ ማንም አላሳየውም። ለማሳየት እኔ ነበርኩ፣ አላሳየሁትም።

ልጄ፣ አንተንም ልናገርህ። በጨዋታ ቀን ባንዲራ ወገባችሁ ላይ አስራችሁ፣ መኪና አፍንጫ ላይ አልብሳችሁ፣ ሲደክማችሁ መሬት አንጥፋችሁ ትቀመጡበታላችሁ። ፍቅር ነው ትሉኛላችሁ። እኛ ግን መሬት እንዳይነካ ሁለት ሰው ሆነን ነበር የምንቀበለው። ሲያረጅም በጦር ሰፈራችን ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ ተሰልፈን በክብር ነበር የምናቃጥለው።

ወጣቱ ከብሎክ 5፦ ተቀብያለሁ ጋሼ። መሬት ላይ መቀመጡን እኔም አድርጌዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ብሎክ 4 ምድር ቤት፦ ሥራ ላይ ሆኜ ዘግይቼ አነበብኩ። ሁለቱንም የምሰፋው እኔ ነኝና እጄ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ለጥምቀትና ለአድዋ በዓል ሰሞን የሚመጣው ሰው ልሙጡን ይጠይቃል። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን መሥሪያ ቤቶች ዓርማ ያለበትን ያዛሉ። መስፊያዬ አንድ ነው፣ ክሩ አንድ ነው። ልሙጡ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ዓርማ ያለበት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሰማያዊው ክብ ለብቻው ታትሞ ይመጣል፣ በሁለቱም ፊት ይሰፋል፣ የኮከቡ አንድ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ደንበኛ ሲቸኩል «ከሩቅ ማን ያየዋል?» ይለኛል። እኔ አየዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው የልኩን ነገር ነው። ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ መሆን አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ አሳጥሪው የሚሉኝ አሉ። ሦስቱ ቀለማት እኩል ካልተቆረጡ ደግሞ ያንዱ ቀለም ድርሻ ተሰረቀ ማለት ነው፤ አረንጓዴውን አሳንሶ ቀዩን ማስፋት አልወድም።

አንድ የከነከነኝን ጥያቄም ላንሣ። በሀበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ሦስቱን ቀለም አስገቢልኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህም ሕጉን ይነካል?

የሕግ ባለሙያዋ፣ ብሎክ 1፦ እትዬ፣ እኔ ሕጉን ሳነበው የሚመለከተው ሰንደቅ ዓላማውን እንጂ ቀለማቱን ሁሉ አይደለም። ጥለት ጥለት ነው። በነጻነት ይስፉ።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 2፦ በእናታችን ቀሚስ ላይ ከተፈቀደ፣ ለልጁ ትከሻ መከልከሉ እንዴት እንደሚተረጎም አሁንም አልገባኝም። ሕግ እንደዚህ ቀጭን መስመር ላይ ሲቆም ፖሊሱም ሕዝቡም ይሳሳታሉ። በ2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ይህን ጉዳይ ከልቡ እንዲይዘው እመኛለሁ፤ የጨንቻው ጎረቤታችን ዛሬ የጻፉት ዓይነት ቃል የሚሰማበት መድረክ ያስፈልጋልና። እኔ ራሴ አርባ ዓመት ሳስተምር የአያታቸውን ማርና እህል አንድም ቀን በሰሌዳ ላይ አልጻፍኩም።

ከጨንቻ የመጣሁት፣ ብሎክ 4፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። በዚህ ምሰሶ ላይ ግን ዓርማው መቅረት የለበትም የሚለው አቋሜ አልተለወጠም።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ እስካሁን በተጻፈው መሠረት የኮሚቴውን ውሳኔ ላስታውቅ። በጋራው ምሰሶ ላይ ሕጉ የሚያዘው ይሰቀላል፤ ይህ ግን አዲስና በልኩ የተሰፋ ይሆናል። የተቀደደው ዛሬ ማታ ይወርዳል። ወጣቱ ንብረቱን ይረከባል፤ ያለ ፈቃዱ ስለወሰድንበትም ኮሚቴው ይቅርታ ይጠይቃል። ማውጣትና ማውረዱን የቀድሞው ወታደራችን ለጥበቃዎቹ ያሠለጥኑልናል። ያልተስማማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በኅዳር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አቅርቡት።

የቀድሞው ወታደር፣ ብሎክ 2፦ ከነገ ጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ሥሩ እገኛለሁ። አሮጌውን ማንም አይጣለው፤ ለእኔ ስጡኝ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ብሎክ 4 ምድር ቤት፦ የእጅ ዋጋ አልፈልግም፣ የጨርቁን ብቻ ክፈሉ። የምሰሶውን ቁመት የሚለካ ሰው ላኩልኝ፤ ያለ ልክ አልቆርጥም። ገመዱ የሚዞርባት መንኮራኩርም ዝጋለች፣ ጨርቁን የምትበላው እሷ ትመስለኛለች።

ወጣቱ ከብሎክ 5፦ እትዬ፣ ነገ ከሥራ መልስ መሰላል ይዤ እለካለሁ፤ መንኮራኩሯንም እቀይራለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ በኅዳር ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። ጋሼ የጨንቻው፣ መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ከጨንቻ የመጣሁት፣ ብሎክ 4፦ በ11 ሰዓት ተኩል እወርዳለሁ።