ለጀማሪ የትኛው የሽጉጥ ሥልጠና ይሻላል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ፤ ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ይዤ ነው የምገባው። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ፣ 8 ጎራሽ። ቤት ውስጥ ደግሞ የ6 ዓመት ልጅ አለ።

ጡረታ የወጣ ወታደር ጎረቤቴ አያያዙንና አፈታቱን አሳይቶኛል። ባለፈው ግን ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ተኩስ ስለማመድ ሦስተኛው ጥይት ላይ ቀለሃው ተሰንቅሮ ቀረ። ደንግጬ ሽጉጡን እንደያዝኩ ወደ አሠልጣኙ ዞርኩ። አፈሙዙ ደረቱ ላይ፣ ጣቴ ቃታው ላይ! ክንዴን ይዞ ወደ መሬት ባይመልሰው ኖሮ... እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይሸበራል።

አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ 2 ቀን ነው፤ ብዙ ይተኮሳል፣ ግን ቆሞ ዒላማ መምታት ብቻ። ሌላው 5 ቀን ነው፤ አብዛኛው በባዶ ሽጉጥ። አወጣጥ፣ የተሰነቀረ ቀለሃ ማላቀቅ፣ ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል የሚለው እስከ የት እንደሚያስኬድ ጭምር ያስተምራሉ። የሚተኮሰው ግን 30 ጥይት ብቻ ነው። ሱቄን 5 ቀን መዝጋት ይከብደኛል፤ ልቤ ግን ወደ እሱ ያደላል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እጅን ለማስለመድ 30 ጥይት ይበቃል ወይስ በ2 ቀኑ ልጀምር?