ፈንገስ የሚቋቋም የጎልፍ ሣር ለመምረጥ ምክር እሻለሁ
ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ የምንከባከበው አነስተኛ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ፔንክሮስ በተባለው የቤንትግራስ (ለጎልፍ ሜዳ የሚዘራ ቅጠለ ቀጭን ሣር) ዝርያ የተሸፈነ ነው። ከሐምሌ ወዲህ የሳንቲም ስፋት ያላቸው፣ ገለባ የመሰሉ ክብ ነጠብጣቦች የበዙበት ሲሆን፣ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ጎንበስ ብዬ ስመለከት የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ይታየኛል፤ ስለዚህ ዶላር ስፖት የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው ብዬ አምናለሁ። የናይትሮጅን እጥረት ስለሚያባብሰው ማዳበሪያ ብጨምርም፣ ጤዛውንም በየማለዳው በረጅም ቀርከሃ ባራግፍም (ዘበኛው ዓሣ የማጠምድ ይመስለዋል) አልቆመም።

ክሬንሾው የተባለው ዝርያ ለዚህ በሽታ እጅግ ተጋላጭ፣ ዴክላሬሽን ደግሞ የተሻለ ተቋቋሚ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በክረምቱ ዝናብና በቀዝቃዛው ሌሊት ዴክላሬሽንን ከፔንክሮስ ጎን ለጎን ዘርታችሁ ያነጻጸራችሁ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ወይም ሰርዶ ይሻላል የምትሉ ከሆነ፣ ያያችሁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።